ለእናቴ የዓሣ ገንዳ ርካሽ መብራት የቱን ልግዛ?

ልብስ ሰፊው ከጠባሴ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ጥያቄዬ ስለ ዓሣ ገንዳ መብራት ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ብዙውን ጊዜ አልጋ ላይ ናት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። መኪናዬን እሷ ክፍል መስኮቱ ሥር አድርጌ እዚያው እሠራለሁ። ቀኑ ግን ይረዝምባት ነበር። ቴሌቪዥን ጩኸቱ ያደክማታል። አምና አንድ ደንበኛዬ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ሦስት ጎልድፊሽ ከነጎድጓዳ ብርጭቆው ትቶልን ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ዓይኗን ከነሱ ላይ አታነሳም። "ይሄዳሉ፣ ደግሞ ይመለሳሉ" ትለኛለች። ጠዋት ስገባ ከእኔ በፊት የምትጠይቀው ስለነሱ ነው።

ብርጭቆው ጠበባቸው። መስታወት ቤት ሄጄ ገንዳ አሠራሁ። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር ነው። ውሃውን 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ስሞላው 54 ሊትር ያህል ይይዛል። ከታች በደንብ የታጠበ አሸዋ አለው። ሁለት አኑቢያስ እና አንድ ጃቫ ፈርን የሚባሉ የውሃ ተክሎችም ገዝቼ ተከልኩበት። ገንዳው ከእናቴ አልጋ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ነው። ክፍሉ ጨለም ያለ ስለሆነ ግን ያለ መብራት ምንም አይታያትም።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ለጨርቅ አዲስ አበባ በሄድኩበት ቀን አንድ ሱቅ ገባሁና "ለአኳሪየም የሚሆን መብራት" አልኩ። "ይኸውልህ፣ ልዩ ነው" ብሎ አንዱን አወጣልኝ። 3,800 ብር ከፈልኩ። ካርቶኑ ላይ ቅርንጫፍ የመሰሉ የሚያማምሩ ነገሮች ተስለዋል፣ በመሃላቸው ደግሞ ብርቱካንማ ዓሣ አለ። ደስ ብሎኝ ቤት ወስጄ ሳበራው ክፍሉ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ። ከላይ ብቆጥራቸው ከ24ቱ ጥቃቅን አምፖሎች ነጮቹ አራት ብቻ ናቸው።

ቀዮቹ ዓሣዎች ጥቁር ወይን ጠጅ መሰሉ። እናቴ ደንግጣ "ልጄ፣ ምን ነካቸው? ታመው ነው እንዴ?" አለችኝ። አንድ ዓይኗ የሞራ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። ብርሃኑ ወጋኝ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እሱ ነው የከነከነኝ። ገንዳውን የሠራሁት እንድታይ ነው እንጂ ፊቷን እንድታዞር አይደለም።

የቀለሙ ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም። ክር ከጨርቅ ጋር የማዛምደው ሁልጊዜ በር ላይ ወጥቼ ነው። አምፖል ሥር አንድ የመሰለው ክር ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሌላ ሆኖ ስንቴ አሳፍሮኛል። መብራት ቀለም እንደሚዋሽ አውቃለሁ። ለዓሣና ለተክል የቱ እንደማይዋሽ ግን አላውቅም።

መብራቱን ልመልስ ብል ሱቁ አልተቀበለኝም። አሁን እጄ ላይ ያለው 1,500 ብር ነው። ሰው የመከረኝ ብዙ ነው። ጎረቤታችን "የድሮውን 100 ዋት አምፖል ስቀልበት፣ ውሃውንም ያሞቅልሃል" ይላል። የኅዳር ውርጭ እንደምታውቁት ነው። ጠዋት የውሃው ሙቀት 17 ዲግሪ ነው፣ ከሰዓት 20 ይደርሳል። ሌላው "ገንዳውን ወደ መስኮቱ አስጠጋው፣ ፀሐይ ነጻ ነው" ይለኛል። እህቴ ደግሞ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ረጅሙን ነጭ የኤልኢዲ ቱቦ ግዛ ትላለች። የቱ ይሻላል? ስንት ዋት? በቀን ስንት ሰዓት ይብራ? ተክሎቹም እየደከሙ ነው። የአንዱ አኑቢያስ ግንድ ከሥር እየለሰለሰ ነው። ይሄም ከመብራቱ ይሆን?

ቀበሌ 07

ወንድሜ፣ እግዜር እናትህን ይማርልህ። ብዙ አታስብ። ባለ 50 ዋት ፓውዛ ግዛና ከላይ ስቀለው። ሱቄ በር ላይ ሁለት ዓመት ሠርቶልኛል፣ ዝናብም አልበገረውም። ተክል ብርሃን በበዛለት ቁጥር ያድጋል። ጠዋት አብርተህ ማታ ስትተኛ አጥፋው።

ከጅዳ የተመለሰችው (ደብረ ሲና)

ሰላም ወንድሜ። ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ፦ የገዛኸው መብራት መጥፎ አይደለም። ያለ ቦታው ነው የመጣው። ካርቶኑ ላይ ያየኸው ቅርንጫፍ የመሰለው ነገር ኮራል ይባላል። መብራቱ የተሠራው ለባሕር ውሃ ገንዳ ነው።

እንዴት አወቅሽ ብትለኝ፣ ጅዳ ስምንት ዓመት አንድ ቤት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። ሳሎናቸው ውስጥ 1 ሜትር ከ20 የሚረዝም የኮራል ገንዳ ነበራቸው። ባልየው ለሥራ ሲወጣ ገንዳው የኔ ነበር። የጨዉን መጠን እለካለሁ፣ መስታወቱን እፍቃለሁ፣ ዓሣዎቹን አበላለሁ። ስጀምር እንደ አንድ ተጨማሪ ሥራ ነበር የማየው። እያደር ግን ወደድኩት። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ፊቱ ቁጭ ብዬ ነበር ድካሜን የማሳልፈው። እናትህ ምን እንደሚሰማት ገባኝ።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ አብሮት ይኖራል። አልጌው በብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ከዚያ ላይ ለኮራሉ ያካፍለዋል። ባሕር ውስጥ ደግሞ ውሃው ቀዩን ብርሃን ቶሎ ይውጠዋል። ጥቂት ሜትር ወረድ ካልክ ቀዩ አልቋል። ሰማያዊው ግን ወደ ታች ይዘልቃል። ኮራል የለመደው እሱን ነው። ለዚህ ነው የኮራል መብራት ከ420 እስከ 470 ናኖ ሜትር ባለው ሰማያዊ የሚሞላው። አንተ ጋ ያለው ውሃ ግን 30 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ያውም ጨው የሌለው። ቀዩም ቢጫውም እስከ አሸዋው ይደርሳል። አኑቢያስ ሰማያዊውንም ይጠቀምበታል፣ ብቻውን ግን ለእናትህ ዓይን አይሆንም። ቀዩ ዓሣህ የጠቆረውም ታሞ አይደለም። መብራቱ ውስጥ ቀይ ከሌለ ዓሣው ምኑን መልሶ ያሳይ?

አሁን ስለ ብዛቱ። "በበዛ ቁጥር" የሚለውን ምክር አትስማ። ቀበሌ 07 ወንድማችን በቅንነት ነው የተናገረው፣ ግን እኔ ያየሁትን ልንገርህ። የቤቱ የድሮ መብራት ቲ-5 የሚባለው ቀጭን ቱቦ ነበር። አረጀና ርካሹን የቻይና ጥቁር ሳጥን ኤልኢዲ ገዙ። 165 ዋት ይላል፣ ውስጡ 55 ጥቃቅን አምፖሎች አሉት። ሲለካ የሚበላው ኮረንቲ ከተጻፈው በታች ነበር። ሁለት ማዞሪያ አለው፣ አንዱ ለሰማያዊው፣ ሌላው ለነጩ። ባልየው ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አዞራቸው። ሳሎኑ እንደ ቀትር በራ። ማዳም በጣም ደስ አላት።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት መካከል ላይ የነበሩት ሦስት ቡናማ ኮራሎች እንደ ታጠበ አጥንት ነጥተዋል። ብርሃኑ ሲበዛባቸው ያንን አብሯቸው የሚኖር አልጌ ተፍተውት ነው። ቀለማቸውም ዋናው ምግባቸውም አልጌው ነበር። ብርሃኑን ወደ 20 በመቶ አወረድንና በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨመርንላቸው። ሁለቱ ከወራት በኋላ ቀለማቸው ተመለሰ። አንዱ ሞተ። አሁንም ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል፣ ቀስ ብለን ብንጀምር ኖሮ አይሞትም ነበር። መብራቱ እኮ ርካሽ ቢሆንም በቂ ነበር። ኋላ ላይ ከሱቅ የብርሃን መለኪያ ተውሰን ስናይ፣ ለስላሳዎቹ ኮራሎች የሚፈልጉት ከሚሰጠው ግማሹን እንኳ አልነበረም።

ያንተ ተክሎች ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚፈልጉት። አኑቢያስ እና ጃቫ ፈርን ጥላ ወዳድ ናቸው። ለአንድ ሊትር ውሃ 20 ሉመን አካባቢ ይበቃቸዋል። 54 ሊትር ካለህ ወደ 1,000 ሉመን ማለት ነው። ባለ 50 ዋት ፓውዛ ከዚያ አራት እጥፍ በላይ ይሰጣል። ተክሎቹ ሊጠቀሙበት የማይችሉትን ብርሃን አልጌ ይወስደዋል። በሦስት ሳምንት ውስጥ መስታወትህ አረንጓዴ ይለብሳል። መስኮቱም እንደዚሁ ነው። የደጋ ፀሐይ ብርቱ ናት፣ አታስጠጋው።

የአምፖሉን ቀለም ካርቶኑ ላይ በኬልቪን ታገኘዋለህ። 6500 የሚለው የቀን ብርሃን ይመስላል። 3000 የሚለው ቢጫ ነው። የኮራሎቹ ከ10,000 በላይ ነው። አንተ 6500 ያዝ፣ ለእናትህ ዓይን ከከበደ 5000ም ተክሉን አይጎዳውም። በቀን ከ6 እስከ 7 ሰዓት ይበቃል።

የለሰለሰው አኑቢያስ ግን ከመብራቱ አይመስለኝም። ግንዱን አሸዋ ውስጥ ቀብረኸው ይሆን?

ልብስ ሰፊው ከጠባሴ

እህት ዓለም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ነጣው ኮራል ስትሰማ "ውይ፣ ሚስኪን" አለች። እንስሳ መሆኑን ስትሰማ በጣም ገርሟታል።

አዎ፣ ቀብሬዋለሁ። እንደ ጎመን ችግኝ ነበር ግንዱ ድረስ የተከልኩት። አሁን አወጣዋለሁ። ከዚያስ ምን ላይ ላስቀምጠው?

ሌላው፣ እሷ ተኝታ ስለምታይ ዓይኗ ከገንዳው ዝቅ ይላል። ከላይ የማስቀምጠው መብራት ከሥር ሆና ስታየው በቀጥታ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ለዚህ መላ ያለው ሰው ካለ ንገሩኝ። ደግሞ መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ? ባለፈው ሳምንት ከሰዓት እስከ ማታ ጠፍቶ ነበር።

የሸዋ ሮቢቱ ኤሌክትሪሺያን

ሰላም ልጄ። እኔ ሸዋ ሮቢት ነው ያለሁት። ከእናንተ 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ብለን ነው የምንኖረው። እናንተ ስለ ውርጭ ታወራላችሁ፣ እኔ ውሃዬ 30 ዲግሪ እንዳያልፍ ክዳኑን ከፍቼ ነው የማድረው። ሠላሳ ዓመት ኮረንቲ ዘርግቻለሁ፣ ዓሣ ከያዝኩ ደግሞ አሥራ አንደኛ ዓመቴ ነው። ልጅቷ ስለ ብርሃኑ አሳምራ ነግራሃለች። እኔ ስለ ዕቃውና ስለ ገመዱ ልጨምር።

ፓውዛ የተሠራው ከፍ ካለ ቦታ ሰፊ ግቢ እንዲያበራ ነው። ገንዳ ላይ ስታቀርበው መሃሉን ያቃጥለዋል፣ ዳርና ዳሩ ጨለማ ይሆናል። ክብ አምፖልም ያው ነው። ያንተ ገንዳ ርዝመቱ 60 ነው። የ60 ሳንቲ ሜትር ኤልኢዲ ቱቦ ልክክ ይልልሃል። እህትህ ትክክል ናት። ከነመያዣው አንድ ላይ የሚሸጠውን ግዛ፣ ለብቻው ያለውን ቱቦ አይደለም። 9 ወይም 10 ዋት ይበቃሃል። ካርቶኑ ላይ "ከ75 ዋት ጋር እኩል" የሚለውን ተወው። ሉመን የሚለውን ቁጥር ፈልግ። 900 ወይም 1,000 ካለ የምትፈልገው እሱ ነው። ዋት የሚነግርህ ምን ያህል እንደሚበላ ነው፣ ሉመን ደግሞ ምን ያህል እንደሚያበራ።

ሱቅ ውስጥ አስበራውና በስልክህ ካሜራ እየው። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከሮጡ ያ መብራት ይርገበገባል ማለት ነው። ዓይን ባያውቀውም ራስ ያማል። ቀኑን ሙሉ ለምታየው እናትህ አይሆንም። ሌላውን አስመጣ።

100 ዋት አምፖሉን እርሳው። ቀን ውሃውን ከላይ ብቻ ያሞቃል፣ ማታ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል። ለዓሣ መጥፎው ቅዝቃዜው ሳይሆን መለዋወጡ ነው። ጎልድፊሽ ደግሞ የብርድ ዓሣ ነው፣ 17 ዲግሪ ይስማማዋል። ማሞቂያ አያስፈልግህም። ሒሳቡንም እየው። 10 ዋት በቀን 7 ሰዓት ቢበራ በወር 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። መቶው ዋት በዚያው ሰዓት 21 ይሆንብሃል።

መብራት ሲጠፋ ስለ ብርሃኑ አትጨነቅ። ተክልም ዓሣም ሁለት ቀን ጨለማ ቢውሉ ምንም አይሆኑም። የሚያሳስበው አየሩ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ውሃም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ቅዝቃዜው ትንሽ ይክስልሃል፣ ምክንያቱም ቀዝቃዛ ውሃ ከሙቅ ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። ቢሆንም ኮረንቲ ጠፍቶ የገንዳው የአየር ፓምፕ ሲቆም ዓሣዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ ካወጡ፣ በኩባያ ውሃውን እየቀዳህ ከፍ አድርገህ መልሰህ አፍስስበት። ደግሞም ሦስት ጎልድፊሽ ለ54 ሊትር ብዙ ነው፣ አራተኛ እንዳታስብ። እያደጉ ሲሄዱ ሰፋ ያለ ገንዳ ያስፈልጋቸዋል።

የገመዱን ነገር በደንብ ስማኝ። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠልና እንደገና ወደ ላይ ይመለስ። ውሃ ገመዱን ይዞ ቢወርድ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ዲቫይደሩን መሬት ላይ፣ ከገንዳው ሥር እንዳታስቀምጥ። ግድግዳው ላይ በምስማር ስቀለው። እጅህን ውሃ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ሁሌም ንቀል። እናትህ ካለችበት ክፍል ነው፣ በዚህ ቀልድ የለም።

ሰዓት ቆጣሪ ልግዛ ካልክ፣ ያ በጥርስ የሚሞላው ክቡ ርካሽ ነው። ግን ኮረንቲ ሲጠፋ እሱም ይቆማል። ስድስት ሰዓት ከጠፋ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ባትሪ ያለው ዲጂታሉ አይሳሳትም። አንተ ግን እዚያው ነው የምትሠራው፣ በእጅህ አብራው።

ለእናትህ ዓይን አናጢ ዘንድ ሂድ። የጣውላ ክዳን ይሥራልህ፣ ከፊት በኩል ወደ ታች 6 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ከንፈር ይኑረው። ቱቦውን ከውስጥ፣ ከከንፈሩ ጀርባ እሰረው። ብርሃኑ ውሃው ላይ ይወርዳል፣ እሷ የምታየው ዓሣውን ብቻ ነው። ውስጡን ነጭ ቀለም ቀባው፣ የሚባክነው ብርሃን ይመለስልሃል።

አኑቢያሱን ደግሞ የለሰለሰውን ቆርጠህ ጣልና ጠንካራውን ድንጋይ ላይ በክር እሰረው። ሥሩ ራሱ ድንጋዩን ይይዛል። ክር ከየት ይመጣል ብዬ አላስብም፣ ቤትህ ሙሉ ነው።

ልብስ ሰፊው ከጠባሴ

ጋሼ፣ እህቴ፣ ሁላችሁም፣ አምስት ሳምንት ሆነኝ። የሆነውን ሳልነግራችሁ መቅረት አልወደድኩም።

ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሄድኩት አራት ክር በኪሴ ይዤ ነው። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሣር አረንጓዴ እና ጥቁር አረንጓዴ። እንዲህ ያሰብኩት ማታ ስሠራ ነው። ዓሣዎቹ ቀይና ብርቱካናማ ናቸው፣ ተክሎቹ ሁለት ዓይነት አረንጓዴ። ክሮቹን ከነሱ ጋር እያስተያየሁ ነው የመረጥኳቸው። ሻጩ ሦስት ቱቦ አበራልኝ። ሦስቱም ላይ 6500 ተጽፏል። መጀመሪያው ሥር ቀዩና ብርቱካናማው ክር አንድ መሰሉ። ሁለተኛው ቀለሙን ባይዋሽም በስልኬ ሳየው ጥቁር መስመሮች ሮጡበት፣ ጋሼ እንዳሉት። ሦስተኛው ሥር አራቱም ክር አራት ሆነው ታዩ። በር ላይ ወጥቼ በፀሐይ አየኋቸው፣ ገብቼ እንደገና አየኋቸው። ያው ናቸው። ካርቶኑን ስገለብጥ ሲ.አር.አይ የሚል፣ መብራቱ ቀለምን ምን ያህል ሳይዋሽ እንደሚያሳይ የሚናገር ቁጥር አየሁ፣ 90 ይላል። የመጀመሪያው 70 ነበር። ሻጩም ቁጥሩ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር፣ በክሩ አሳየሁት። አሁን ለሌላ ደንበኛ ሲሸጥ ቀይ ጨርቅ አውጥቶ እንደሚያሳይ ነግሮኛል።

10 ዋት፣ 950 ሉመን ነው። ከነመያዣው 650 ብር። አናጢው ክዳኑን በ500 ሠራልኝ፣ ጣውላው የራሱ ቁራጭ ነበር። ነጭ ቀለም ከጎረቤት አገኘሁ። ገመድና ሶኬት 180 ብር። ድምር 1,330። ከ1,500 ብሩ 170 ተረፈኝ። ከ3,800ው በፊት ይህን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ብዬ አዝኛለሁ፣ ግን አለፈ።

አኑቢያሱን አውጥቼ የበሰበሰውን ቆረጥኩ። የአውራ ጣቴን የሚያክል ጤነኛ ግንድ ቀረ። ከበሬሳ ወንዝ ያመጣሁትን ድንጋይ ቀቅዬ፣ በጥቁር የጥጥ ክር ሰባት ጊዜ ጠምጥሜ አሰርኩት። ጎልድፊሾቹ ክሩን ሁለት ቀን ሲጎትቱት ከረሙ፣ ከዚያ ተዉት።

መጀመሪያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ነበር የማበራው፣ እናቴ እንድታይ ብዬ። ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። በሁለተኛው ሳምንት መስታወቱ ላይ ቡናማ ነገር መጣ፣ በጣት ሲነኩት የሚለቅ። የደብረ ሲናዋ እህቴ ምክር ትዝ አለኝና ቀነስኩት። አሁን ከ8 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ጠዋት በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ታያቸዋለች፣ ከምሳ በኋላ መብራቱ ይበራል። ቡናማውን በአሮጌ ሹራብ ቁራጭ ጠረግኩት፣ ያን ያህል አልተመለሰም።

ዋናው ዜና ግን ይሄ ነው። ትናንት ሱሪ እየሸመለልኩ ነበር። እናቴ "ያቺ ድንጋይ ላይ ያለችው ወልዳለች" አለችኝ። ምን እያለች እንደሆነ አልገባኝም። "ና እይ፣ እንደ ሲጋራ የተጠቀለለች ነገር" አለች። ተነሥቼ ፊቴን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። ከግንዱ ጫፍ ላይ፣ ከክሬ ሁለተኛው ዙር አጠገብ፣ የክብሪት እንጨት የምታክል ጥቅል ቅጠል ወጥታለች። ከሌሎቹ ቅጠሎች ፈዛዛ አረንጓዴ ናት፣ ልታይ ብትል በጭንቅ የምትታይ። እኔ ሁለት ሜትር ላይ ተቀምጬ አላየኋትም። እናቴ በአንድ ዓይኗ ከአልጋዋ ሆና አየቻት። ዛሬ ጠዋት ግማሿ ተፈትታለች።

ሰማያዊው መብራት ካርቶኑ ውስጥ ነው ያለው። የባሕር ውሃ ገንዳ ያለው ሰው የምታውቁ ከሆነ በገዛሁበት ግማሽ እሰጣለሁ። ቀስ ብሎ ይጀምር ብላችሁ ግን ንገሩት።

ከጅዳ የተመለሰችው (ደብረ ሲና)

እልል! ስለ ቅጠሏ ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። መብራቱን ለሚፈልግ ሰው እጠይቅልሃለሁ፣ አዲስ አበባ የባሕር ገንዳ የጀመረ አንድ ወንድም አውቃለሁ። ለእናትህ ሰላም በልልኝ። ከሁሉም የገረመኝ የክሩ ነገር ነው። እኔ ስምንት ዓመት ከመብራት ጋር ስኖር እሱን አላሰብኩትም።

የሸዋ ሮቢቱ ኤሌክትሪሺያን

ጎበዝ ልጅ! ገመዱን እንደነገርኩህ አንጠልጥለኸው ከሆነ ሌላ የምለው የለኝም። እኔ ጋ ቫሊስኔሪያ የሚባል ረጅም ቅጠል ያለው ተክል ሞልቶ አስቸግሮኛል። እንደ ሣር ቆሞ ይወዛወዛል፣ እናትህ ትወደዋለች። እሱን ግን አሸዋ ውስጥ ትተክለዋለህ፣ ሥሩን ብቻ፣ አንገቱን ሳትቀብር። ጎልድፊሽ ለስላሳውን ሁሉ ይበላል፣ ይሄኛው ግን ጠንከር ይላል። ቅዳሜ ጠዋት የማውቀው ሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ይወጣል። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ከነውሃው አድርጌ እልክልሃለሁ። ጣርማ በር ላይ ብርዱ እንዳይመታው ሾፌሩ ከመቀመጫው ሥር በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞት ይመጣል።

ልብስ ሰፊው ከጠባሴ

ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ቅዳሜ ከ4 ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ እቆማለሁ። ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ሾፌሩ መቼ ነው የሚመለሰው?" ብላ ነው። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም አለች። እህቴን ጠርታ ገብስ አስቆልታለች። ሃይላንዱን አጥበን፣ አድርቀን፣ ቆሎውን ሞልተንበት በዚያው መኪና ይመለስልዎታል።